የማር ተራ

የእህቴ ልጅ ውኃ ውኃ ማለት የጀመረችው ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። እንስራው ሥር ቁጭ ብላ ጣሳውን ከአፏ አታነሣም፤ ጠጥታ ወደ ጓሮ ትሮጣለች፤ ተመልሳ ደግሞ ትጠጣለች። በልታ አትጠግብም፣ ግን ዕለት ዕለት ትከሳለች። ገና ሰባት ዓመቷ ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ስማዳ ገጠር ውስጥ፣ ሐኪምን የምናውቀው በወሬ ነበር። እኛ የምናውቀው ምግብ ነው። የከሳ ልጅ ይብላ፣ በቃ! የሰንበቴያችን ሴቶች ተመካክረው ተራ ገቡ፤ ዛሬ አንዷ ወተት ታመጣለች፣ ነገ ሌላዋ። ከገዛ ልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ነው ያመጡላት። በዚህ ነገር ማንም ክፉ እንዲናገራቸው አልፈቅድም።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ወተቱ ቀረ። የንስሐ አባታችን "የታመመች ልጅ ናት፣ ትጠጣ" ብለው ነበር። እህቴ ግን ጾም የሚጀመርበት ሰባት ዓመት ሞልቷታል ብላ ፈራች። ሴቶቹ ተጨነቁ። ጾም የማያስፈታ፣ ሰውነትም የሚጠግን ምን አለ? ማር አለ። የወተቱ ተራ የማር ተራ ሆነ። አንዷ ነጭ ማር በማሰሮ፣ ሌላዋ ብርዝ በቅል ይዛ ትመጣለች። ልጅቷም ቅሉን ስታይ ፊቷ ይበራ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ጓሮ የምትሸናበት ቦታ ጉንዳን ይርመሰመስበት ጀመር። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት መነኩሲት አይተው ሳቁ።

"እሰይ! ማሩ ሞልቶ ተርፏት ነው'ኮ። በርቱ ልጆቼ፣ እንዳታቋርጡ!" አሉን።

እኛም እልል አልን። ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። በጉንዳን እልል አልን!

ጾሙ ሲጋመስ ልጅቷ መነሣት አቃታት። ትንፋሿ የጠላ ድፍድፍ ይሸት ነበር። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመውልን፣ በእስቴ አድርገን ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አደረስናት። መንገድ ላይ "ጠማኝ" ባለች ቁጥር ከቅሉ ብርዝ እናቀምሳት ነበር።

ሐኪሙ ወንዶቹን ውጭ አስቀርቶ እኔንና እህቴን አስገባን። ትንፋሿን አሸተተ፣ ዓይኗን ገልጦ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ሽንቷ ላይ ጉንዳን ይሰበሰብ ነበር?" አለን።

ክው አልኩ። ይህ ሰው ቤታችንን አያውቅ፣ ጓሯችንን አያውቅ! እህቴ ግን ደስ አላት፤ በሽታውን ያወቀ መድኃኒቱን አያጣም ብላ ነው መሰለኝ።

"አዎ ጌታዬ! ማር ነዋ የምንመግባት፣ አገር ሙሉ ነው የሚመግባት" አለችው።

ሐኪሙ ቀስ እያለ ነገረን። የስኳር በሽታ ነው አለ። የልጅቷ ሰውነት ጣፋጭ ነገር አይችልም፤ ማሩ ጎድቷታል፤ ለበሽታው በየቀኑ የሚወጋ መርፌ አለ፣ እናንተ ግን ዘገያችሁ አለ። እኔ መሬት ተቀመጥኩ። እህቴ ቅሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

መርፌውን ወጋት። አልነቃችም። በማግሥቱ እዚያው ቀበርናት።

ስንመለስ ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ከኋላችን ቀርተው ነበር። የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ብቅ ሲል እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"የማሩን ነገር ለአንዲቷም እንዳትነግሪ። አይችሉትም" አለችኝ።

ከመንደሩ በታች ካለው ምንጭ ስንደርስ ከሰንበቴው ሴቶች አንዷ አየችንና ወደ ቤቷ ሮጣ ማሰሮ ይዛ ተመለሰች። ባዶ እጃችንን ስታይ ልጅቷ ሐኪሙ ዘንድ የቀረች መስሏታል።

"ተራዬ ሳይደርስ ሄደችብኝ'ኮ፤ ይኸን ላኪላት እቴ" አለቻት፣ እየሳቀች።

እኔ ፊቴን አዞርኩ። እህቴ ማሰሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለቻት።