ከፍየል ጋር በአንድ ገመድ

ልጅ ይዞ መንገድ ለመውጣት በመዘጋጀት ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ የሚስተካከለኝ አባት የለም። ጓዜን ያየ የምዘምት ይመስለዋል። ትናንት ግን ለማርሳቢት ጉዞ ሎሚና ፌስታል ስጭን፣ ጓዙን የማስርበት የቃጫ ገመድ ሽታ ስድስት ዓመቴ ላይ ወስዶ ጣለኝ።

ከአባዬ ጋር ሎሪ ላይ፣ ፍየሎች መሃል ተቀምጠናል። የገመዱን አንድ ጫፍ በእኔ ወገብ፣ ሌላውን በራሱ አሰረ።

“ከወደቅን አብረን ነው” አለኝ። “ያላንተ ብመለስ እናትህ በር አትከፍትልኝም።” ይህን ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ቀስ ብዬ ገመዱን ፈታሁና፣ እንዳይላላበት አንዲት ፍየል ላይ አስሬው ወደ ኋላ ተደበቅኩ። ጎልቦ ሜዳ ስንደርስ ሎሪው ነጠረ። አባዬ ነቅቶ ገመዱን ቢስበው ፍየል መጣች።

“ልጄ ወደቀ! ሲማማ! ቁም!” እያለ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ። ሎሪው ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ፣ በመጣንበት መንገድ በባዶ እግሩ ሮጠ።

“አባዬ፣ እዚህ ነኝ” አልኩት ከላይ።

እያለከለከ ተመለሰ። “ለምን ፈታኸው?”

“እኔ ብወድቅ አንተ እንዳትወድቅ ብዬ።”

ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ አሳቢነቴ እንደኮራ ኖረ፤ ልጆቼም ከእሱ ሰምተው ትናንት መኪና ውስጥ አስደገሙኝ። ደገምኩላቸው። እውነቱ ግን ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር፤ እንዳይሸተው ነው የሸሸሁት።