የቁናው ቀዳዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሁለት ሰዎችን አወዳድረን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ የቤት ሥራ ሰጡን። ጓደኞቼ ቁመት አወዳደሩ። እኔ ግን የተለየሁ ልሁን ብዬ ይበልጥ ደግ ማለት የሆነችውን «ካይንደር» የምትለውን ቃል መረጥኩና «አክስቴ ከእናቴ ይልቅ ደግ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃም ነበረኝ፤ የእናቴ እህት የሆነችው አክስቴ ከሞጣ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም፣ የለበስኩትን ቀይ ሹራብ ያመጣችልኝም እሷ ናት። እናቴ ከቁጣ በቀር ምን ሰጥታኝ ታውቃለች? አስተማሪው በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረጉልኝ።

ምድጃው ላይ ፍም ብቻ ሲቀር፣ የእናቴ አባት አያቴ ተረት የሚጀምሩበት ሰዓት ነበር። በዚያች ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደብተሬን ወደ ኩራዙ አስጠግቼ አነበብኩ፤ ትርጉሙን ሲጠይቁኝም ኮራ ብዬ ነገርኳቸው። እናቴ ጭስ እንደገባባት ሁሉ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

አያቴ ተረታቸውን ጀመሩ። አንድ ሰው ከሁለት እህቶቹ ማንኛዋ ደግ እንደሆነች ሊለካ የእህል መስፈሪያ ቁና ይዞ ወጣ። ታላቂቱ ጤፍ ሞላችለት። ቁናው ከሥሩ ቀዳዳ ነበረው፤ ጤፍ ደግሞ ቀዳዳ አይንቅም፣ ታናሺቱ ቤት እስኪደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ታናሺቱ የምትሰጠው አልነበራትም። ቁጭ ብላ ቀዳዳውን በአክርማ ሣር ሰፋችለት። ሰውየው ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ፣ «ታላቋ ጤፍ ሰጠችኝ፣ ታናሿ ምንም» አላት።

«በይ እንግዲህ ፍረጂ፤ ማንኛዋ ትበልጣለች?» አሉኝ።

ልመልስ ስል ዓይኔ የሹራቤ ክርን ላይ አረፈ። አጥር ስዘል ቀድጄው እናቴ እየተቆጣች የሰፋችው ቦታ ነው።

«አባባ፣ እርስዎስ ማንን ይላሉ?»

«እኔማ የሁለቱም አባት ነኝ፤ ምን መለኪያ አለኝ?»

አፈርኩ። ላጲስ አውጥቼ ዓረፍተ ነገሩን ልፍቀው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው ልጄ። እህቴ ደግ ስትባል ደስ ይለኛል። እውነትም ደግ ናት።»

ዛሬ እኔም ሞጣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ካይንደር» ላይ ስንደርስ ያንን ተረት ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ ሳይቆጡ ያስተማሩኝን አያቴንም በልቤ አመሰግናለሁ። ባለፈው ፋሲካ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ያንን ደብተር አገኘሁት። ዓረፍተ ነገሩም ራይቱም እንዳሉ ናቸው። ጀርባው ተገንጥሎ ኖሮ፣ እናቴ በክር ሰፍታዋለች።