ሬቫ ሽማግሌ ላይ የጮኸች ቀን

ሬቫ ስቲዳም በዕድሜዋ ሙሉ ሰው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እሷ ባደገችበት የምሥራቅ ኬንታኪ ሸለቆ ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ከጮኸች ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል። ግሮሰሪ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሳለች እንኳ ሰው ጎንበስ ብሎ ነበር የሚሰማት። ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው? የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ልሁን ብላ በአርባ ዓመቷ ኮሌጅ ገባች።

የሳቀባት አልጠፋም። የሚስቅ ይሳቅ። አባቷ ከሰል ሲቆፍሩ ኖረው፣ ሳንባቸው ጠቁሮ፣ ትራስ ተደግፈው አየር እየለመኑ ነው የሞቱት፤ እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ምንም ልታደርግላቸው አልቻለችም። ይኼ አንገበገባት። ሥራዋን ለቃ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ወገቧን ታጥቃ ተማረች። የጽሑፍ ፈተናውን ድብን አድርጋ ሠራችው። ኦክስጅን መስጠቱን፣ ማሽኑን ማስተካከሉን፣ ሁሉንም አለፈች። ያቃታት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትንፋሽ ምርመራ።

ሲያዩት ቀላል ነው፤ በሽተኛው ቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል። ግን ማንም ሰው ብቻውን እስከ መጨረሻው አይነፋም። መርማሪው አጠገቡ ቆሞ እየጮኸ ካላጣደፈው መሃል ላይ ያቆማል፤ ውጤቱም ዋጋ የለውም። ሬቫ ደግሞ «እባክዎ፣ ትንሽ ይበርቱ» ነበር የምትለው። ሁለቴ ወደቀች። አሁንም ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

በመጨረሻው ፈተና ክሊኒክ ውስጥ የደረሷት በሽተኛ ጋሽ ኦርቪል ነበሩ፤ የአባቷ የማዕድን ጉድጓድ ባልደረባ። አስተማሪዋ ቴልማ ጥግ ይዛ ታያለች። ጋሽ ኦርቪል ነፉ፣ ሬቫ አንሾካሾከች፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ትንሽ ወጣ ብሎ ወደቀ።

«ልጄ፣ ልታስነፊኝ ነው ልታስተኚኝ?» አሉ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ ላይ መጮህ ከበደኝ።»

«እናትሽ እኮ ከጋራው ላይ ሆና ላሞቿን ስትጠራ የኛም ላሞች ተነስተው ወደሷ ይሄዱ ነበር። አንቺ ጠርተሽ አታውቂም?»

«እሷ ሲደክማት እኔ ነበርኩ የምጠራው።»

«በይ እንግዲህ እኔንም ላም አድርጊኝ። አባትሽም ለኔ ከዚያ የተሻለ ግምት አልነበረውም።»

ሬቫ ሳቀች። ዛሬ ግን ካልሆነላት ወደ ግሮሰሪው መመለሷ ነው፤ እኚህም ሰው እንደ አባቷ ትራስ ተደግፈው አየር ሲለምኑ ታዩዋት። ቱቦውን አስያዘቻቸው፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች።

«አየር ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ... ንፋ! ንፋ፣ ንፋ፣ ንፋ፣ እንዳታቆም፣ ገና ነው፣ ግፋ፣ ግፋ፣ ግፋ!»

አንቱታውን የት እንደጣለችው እንጃ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ጋሽ ኦርቪል ዓይናቸው ፈጦ፣ አንገታቸው ቀልቶ፣ ሳንባቸው ውስጥ ያለውን አሟጠው አወጡት። መስመሩ ሽቅብ ተወረወረና እየተንሸራተተ እስከ ጠርዙ ደረሰ። ሬቫ ፋታ ሰጥታ ደገመቻቸው፣ ሠለሰቻቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ወጣ።

«ጋሼ፣ አንተ አልኩዎት» አለች አፏን ይዛ።

«ተይው፣ ሳንባዬ አንቱታ አያውቅም» አሉ እያለከለኩ።

ቴልማ ከጥግ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። «አልፈሻል» አለቻት። ሬቫ በደስታ አለቀሰች፣ አላፈረችም።

እንባዋን ጠርጋ የሚቀጥለውን በሽተኛ ልትጠራ በሩን ስትከፍተው፣ ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች በሙሉ ፊታቸው ቀልቶ ያለከልካሉ። አንደኛው ደረታቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እኔ እዚሁ ሆኜ ነፍቻለሁ። ደግሞ ልገባ ነው?»

«ይግቡ ጋሼ» አለች ሬቫ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ።