ከማሰሪያው በታች የበቀለ ገባ

ችግኝ ጣቢያው በር ላይ የደረስሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በእጄ አካፋ፣ በኪሴ የቀበሌ መታወቂያ ይዣለሁ፤ በቀን ሠራተኛነት ልቀጠር። በዚያው ጠዋት ጣቢያው ከዓባይ በረሃ አንድ ጆንያ የገባ ዛፍ ዘር ይጠብቅ እንደነበር ማን ነግሮኝ!

ዘበኛው አያ ደርሶ በሩን ገርበብ አድርገው አስገቡኝ። ወዲያው ከችግኝ መደቦቹ ማዶ የሴት ድምፅ ተጣራ።

«አያ ደርሶ! ገባ?»

«ገባ!» አሉ አያ ደርሶ፣ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩ።

«ደረቅ ነው እርጥብ?»

አያ ደርሶ እንደገና አዩኝ። «ደረቅ ነው። ከሲታ ነገር።»

«ጎሽ! በሉ ፀሐይ ሳይበረታ በመዶሻ ቀጥቅጡልኝና ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ!»

አካፋዬን ጥዬ የሮጥሁትን ሩጫ የሚለካ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ፎቶዬ በየምግብ ቤቱ ይሰቀል ነበር። አያ ደርሶ ወንዙ ዳር ደርሰውብኝ የኮቴን ጫፍ ይዘው ጎትተው መለሱኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስሜ «ገባው» ሆኖ ቀረ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው የጣቢያው ማኅደር ብቻ ነው።

ድምፁ የእትዬ አስካለ ነበር፤ የጣቢያው ፎርማን። ሲስቁ እንባቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። የዚያን ዕለት እስከ ምሳ ድረስ አለቀሱ።

ለማያውቅ ልንገር። ገባ የበረሃ ዛፍ ነው፤ ቁርቁራ የሚሉትም አሉ። ከደብረ ኤልያስ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርዱ፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ ውሃ ውሃ ሲል እሱ አረንጓዴ ለብሶ ይጠብቃል። እኔማ አንዱን በበጋ ውሃ ባጠጣው ማን ጠየቀህ ብሎ ተቆጥቶኛል። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ቆልማማ። ቀጥ ያለው ይወጋል፤ ቆልማማው ስትሸሽ ይይዝሃል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ተስማምተው የሚሠሩ ሁለት አለቆች አላየሁም።

ፍሬው ከሽምብራ ተለቅ ይላል። ዘሩ ግን እንደ ጠጠር የጠነከረ ቅርፊት ውስጥ ነው። እንዳለ ከቀበሩት፣ ልጅ ወልደው እስኪድሩ አይበቅልም። ስለዚህ ቅርፊቱ በመዶሻ ይሰነጠቃል፣ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ አፈር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ይዘራል። መጀመሪያ ቀን ከመታሁት ግማሹን ዱቄት አደረግሁት። እትዬ አስካለ አጠገቤ ቁጭ አሉና መዶሻውን ከእጄ ወሰዱ።

«አንተ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የመጣኸው? ለታመመ ሰው እንቁላል እንደምትልጥ አድርገው።»

በኋላ እንደተረዳሁት ለዚህ ሥራ ከእኔም ከመዶሻውም የሚሻሉት ፍየሎች ናቸው። ፍሬውን ይበሉና ሲያመሰኩ ዘሩን ጉረኖው ውስጥ ይተፉታል። የተተፋው ቶሎ ይበቅላል። ጆንያ ይዤ በየጉረኖው እየዞርሁ ስለቅም፣ ፍየሎቹን የሥራ ባልደረቦቼ እላቸው ነበር። ያን ቃል በኋላ ተጸጽቼበታለሁ።

ሦስት ዓመት በቀን ሠራተኛነት፣ አራት ዓመት በመደብ ተቆጣጣሪነት ሠራሁ፤ ከዚያ አዳቃይ ሆንሁ። ከጉረኖ የተለቀመው ገባ ብርቱ ነው፤ ፍሬው እንዴት እንደሚሆን ግን ዋስ የለውም። አዳቃይ ፍሬው ከሚጣፍጥ ዛፍ ላይ ቀንበጥ ይቆርጣል፣ የብርቱውን ችግኝ አናት ቆርጦ በዚያ ላይ ያጋጥመዋል፣ በላስቲክ ያስረዋል። ከማሰሪያው በላይ ያለው ጣፋጩ ነው። ከታች ያለው የጉረኖው ነው።

የኔታን ያወቅኋቸው ቀንበጥ ስፈልግ ነው። በረሃው አፋፍ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ጉባኤያቸው አንድ ትልቅ ገባ ሥር ነበር። የዚያን ዛፍ ፍሬ ማር ቢቀምሰው ያፍር ነበር፤ በዚህስ አላጋነንሁም። ተማሪዎቹ ቁራሽ ያጡ ቀን እሱን ይበላሉ። ቅጠሉ ተወቅጦ ሲታሽ አረፋ ያወጣልና ልብሳቸውንም ያጥቡበታል።

ፈቃድ ስጠይቃቸው ስሜን ጠየቁኝ።

«ገባው ይሉኛል፣ የኔታ።»

«ገባው!» ብለው ሳቁ። «እኔ አርባ ዓመት ገባ ሥር ተቀምጬ ገባችሁ ወይ እላለሁ። ሁሉም ገባን ይሉኛል። የገባው ግን ዛፉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንተስ ምን ገባህ?»

«እኔ በበሩ ገባሁ እንጂ የገባኝ ነገር የለም፣ የኔታ።»

«እሱም መልስ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ በረሃ በወረድሁ ቁጥር ሳልሳለማቸው አላልፍም ነበር።

በአንዱ ግንቦት ነፋስ ያንን ዛፍ ከግንዱ ገነደሰው። ስልክ ተደውሎልኝ ስደርስ የኔታ የወደቀው ግንድ ላይ ተቀምጠው ቅርፊቱን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

«ጥላስ ሌላም ዛፍ ይሰጠኛል» አሉ። «ይህን ፍሬ ግን ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ብቀምሰው።»

«በሦስት ዓመት ከነመሰላሉ አመጣልዎታለሁ!»

«መሰላሉ ይቅር።»

አሥራ ሁለት ቀንበጥ ቆረጥሁ። ቅጠላቸውን አራግፌ፣ በእርጥብ ጨርቅና በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ እንደ አራስ አቅፌ ጣቢያው ገባሁ። በዚያው ዕለት አዳቀልኋቸው። እትዬ አስካለ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ሞከሩ። አሥራ አንዱ ተራ በተራ ደረቁ። አንዱ ቅጠል አወጣ። ለዚያች ቅጠል በቀን ሦስት ጊዜ ኮፍያዬን አነሣላት ነበር።

ሐምሌ ላይ ወስጄ ከድሮው ዛፍ ቦታ ትንሽ ራቅ አድርጌ ተከልሁት፣ አጠርሁትም። ተማሪዎቹ የወደቀውን እሾሃም ቅርንጫፍ ጉቶው ላይ ከምረውታል። ጉቶውን ዞሬ አላየሁትም። ዓይኔ የራሴ ችግኝ ላይ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንዲት ባለ አራት እግር ባልደረባዬ አጥሩን ዘላ ገባች። ስደርስ ከማሰሪያው በላይ ጣት የሚያህል እንኳ አልተረፈም። ኅዳር ላይ ተመልሼ ሳይ ግን አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል። በደስታ ተንበርክኬ አየሁት። የወጣው ከማሰሪያው በታች ነው።

ያ የየኔታ ዛፍ አልነበረም። ከፍየል ጉረኖ የለቀምሁት ነው። ደግሜ እንዳላዳቅል የወደቀው ዛፍ ቅርንጫፍ ደርቋል። ከኋላዬ የበትራቸው ድምፅ ተሰማኝ።

«ገባው፣ በቀለ አሉኝ?»

«በቀለ፣ የኔታ።»

«የእኔው?»

«የእርስዎው ነው።»

ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ዳበሱት። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

በሕይወቴ የዋሸሁት ቢከመር ጮቄ ተራራን ያህላል፤ ሁሉም ግን ለሳቅ ነበር። ይህኛው አላሳቀኝም።

እትዬ አስካለ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነገርኋቸው።

«ለየኔታ ነግረሃቸዋል?»

«ደስ ብሏቸዋል እኮ፣ እትዬ።»

«ደስታቸውን መች ጠየቅሁህ? ነግረሃቸዋል?»

«ምን ይታወቃል፣ ፍሬው ይጣፍጥ ይሆናል።»

«እናቱን የማታውቀውን ዛፍ! ወርደህ ንገራቸው። ውሎ ባደረ ቁጥር ይብስብሃል።»

አልወረድሁም። ይባስ ብዬ መንገድ ለወጥሁ። በረሃ የሚያወርደኝ ሥራ ሲመጣ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ላለማለፍ ግማሽ ቀን እዞር ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ መልእክት መጣ። «ዛፍህ አፍርቷል፤ ና ይሉሃል የኔታ።»

ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት አንዱን ፍሬ ቀጥፌ ቀመስሁ። አፌ እንደ ከረጢት ተጨማደደ። ጥቂት በእጄ ይዤ ሄድሁ። የኔታ አንድ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ድምፄን ሲሰሙ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በል አቅምሰኝ።»

«አይቅመሱት፣ የኔታ።»

«ለምን?»

ፍየሏን፣ ማሰሪያውን፣ ጉረኖውን፣ የተለወጠውን መንገድ ሁሉ ነገርኋቸው። ያለ አንዲት ቀልድ እንዲያ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የኔታ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ሦስት ፍሬ አወጡ።

«ይህን ቅመስ።»

ያው ነበር። ማር የሚያፍርበት። ዘሩን እንኳ መትፋት ረሳሁ።

«ከየት መጣ፣ የኔታ?»

«ከጉቶው። ተማሪዎቹ የእሾሁን ክምር ሲያነሡ ከሥሩ አምስት ቡቃያ ወጥቶ ሰው ያህል ደርሷል። ዘንድሮ አፈራ። ካንተም ዛፍ አስቀጥፌ ቀምሻለሁ፤ ዝምድና የላቸውም።»

«ታዲያ ለምን ጠሩኝ?»

«እንድትነግረኝ ነዋ። ከሁለት ዓመት የበለጠ እንዳትዞር ፈራሁልህ። እግርህም ይደክማል።»

ማልቀሴን በጆሯቸው እንዳይሰሙ አፍንጫዬን በእጄ ያዝሁ። ሰሙኝ።

«ገባው።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«ዛሬ ስሙ ይገባሃል።»

ከእሳቸው የተማርሁት ቅኔ ያች አንዲት ቃል ናት። ከሁለቱ ፍቺዎቿ የትኛው እንደበለጠብኝ እስካሁን አልወሰንሁም።

የዚያን ዕለት ከጉቶው ቡቃያ ላይ ቀንበጥ ቆርጬ ጎምዛዛው ዛፌ ላይ አዳቀልሁት። ቋጠሮውን ሳጠብቅ የኔታ በጣታቸው ያዙልኝ። ቀንበጡም ያዘ። የኔታ ሁለት ጥር ከዚያም ከጉቶውም ፍሬ በሉ። አሁን እሳቸው የሉም፤ ተማሪዎቹ ተመልሰው እዚያው ገባ ሥር ትምህርታቸውን እየደጋገሙ ይቀጽላሉ።

ዛሬ በእትዬ አስካለ ቦታ ፎርማኑ እኔ ነኝ። አዲስ አዳቃይ ሲመጣ የምነግረው ይህን ነው። ገባ ሲወድቅ መጀመሪያ ጉቶውን እይ። ከማሰሪያው በታች የወጣውን ቡቃያ በወጣበት ቀን ቁረጥ፤ ለባለዛፉም በዚያው ቀን ንገረው።