የመምህሩ ጉሮሮ

የፕሮግራሚንግ መምህራችን አፉን ከመክፈቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይጠርጋል ስላችሁ እንደ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አክታውን ከደረቱ ሥር ጎትቶ ያመጣና አፉ ውስጥ አገላብጦ መልሶ ይውጠዋል። ሰሌዳውን በሚያጠፋበት የኮት እጅጌ አፍንጫውን ያብሳል። ፊት የምንቀመጠው ቁርሳችን እየተናነቀን ነው የምንማረው።

ዛሬ ትምህርቱ ስለ ክላስ ውርስ ነበር፤ አንዱ የኮድ ንድፍ፣ ልጅ ከወላጁ እንደሚወርስ፣ ከሌላው ስለሚወርስበት መንገድ።

«ኦብጀክት ሲፈጠር ቀድሞ የሚሠራው ኮድ ኮንስትራክተር ይባላል» አለ፣ ጠርጎ ሲጨርስ። «የልጅ ክላስ ከሆነ ግን የወላጁ ኮንስትራክተር ይቀድማል። የራሱ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።»

«የወላጁን ባልጠራውስ?» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው።

«ዝም ብትዪም ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠራዋል። መዝለል ብሎ ነገር የለም» አላት፣ ፊቱን ኮሶ አስመስሎ።

በሩ ተንኳኳና አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አሰገጉ። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያው ጉተታ፣ ያው ማገላበጥ፣ ያው መዋጥ።

«አንተ ልጅ፣ የቤቱን ቁልፍ ይዘህብኝ ወጣህ እኮ።»

መምህሩ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ፣ መዳፋቸውን እንዳይነካ ከላይ ለቀቀላቸው። «በቃ አባባ፣ ይሂዱ።» ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ እኛ እሱን የምናይበት ፊት ነበር።

በሩን ዘግቶ ጠመኔውን አነሳ። ሊናገር አፉን ሲከፍት አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆም አለ። ከንፈሩን ገጥሞ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ላለመጥረግ ታገለ። እኔ እንኳ፣ እንደዚያ የምጸየፈው፣ እንዲሳካለት ተመኘሁ።

አልቻለም። መጀመሪያ የአባቱ ጉሮሮ መጣ፤ ከዚያ የሱ ድምፅ።