የኔቪል ታንከርና የዳልሲ ኮክ

ኔቪል ትሬጌንዛ በሰባ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜው የሚኮራበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። “ከእኔ ማደያ አንዲት ጠብታ ቤንዚን መሬት ገብታ አታውቅም” ይላል። ቢጠይቁትም ይላል፣ ባይጠይቁትም ይላል።

ምክንያት አለው። ማደያውን ከአባቱ ከተረከበ ጀምሮ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ ጫፉ ናስ የለበሰውን ረጅም የመለኪያ እንጨት በቧንቧው ቁልቁል እየለቀቀ፣ ከመሬት በታች የተቀበረው ታንከር ውስጥ የቀረውን ይለካ ነበር። የሠርጉ ዕለት እንኳ ለክቷል። ሚስቱ ግሌኒስ ቬሏን እንዳጠለቀች መኪና ውስጥ ስትጠብቀው “ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እንጨቱን?” ማለቷን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ነፍሷን ይማርና፣ ታጋሽ ሴት ነበረች።

ታጋሽ ያልሆነችው ጎረቤቱ ዳልሲ ናት። ባሏ ሮን በጓሯቸው፣ ከማደያው አጥር ሥር የኮክ ዛፍ ተክሎላት ነበር። ሮን በሞተ በዓመቱ፣ በዚያ በጋ፣ ዛፉ ቆሞ ደረቀ። ዳልሲ አጥሩ ጋ መጥታ “ቤንዚንህ ነው የገደለው” አለችው። የኔቪል ደም ፈላ።

“የእኔ ታንከር አያፈስም! ውሃ ማጠጣት ረስተሽ ይሆናል።”

ባሏ ለሞተባት ሴት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ራሱም ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ተኳረፉ። ሰዉ ሦስት መቶ በማይሞላበት ከተማ ዘጠኝ ዓመት መኳረፍ ቀላል ሥራ አይደለም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ አንዱ ካለ ሌላው ውጭ ቆሞ የስንዴ ማሳ ያያል።

ማደያው ከተዘጋ በኋላ ታንከሩ ይውጣ ተባለ። እስካቫተሩ መሬቱን ቆፍሮ ጎትቶ ሲያወጣው ኔቪል ወንበር ይዞ መጥቶ ያይ ነበር። አፈሩን ልትመረምር ከትልቁ ከተማ ከአደሌድ የመጣችው ጆዲ ታንከሩን ዞር ዞር ብላ አየችና ጠራችው።

“ኔቪል፣ እስኪ ይህን ይዩ።”

ከመለኪያው ቧንቧ በቀጥታ ቁልቁል፣ የታንከሩ ወለል ላይ፣ ቀጭን ምስማር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበር።

“ዝገት ነው አይደል?”

“አይደለም።” ጆዲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እንጨቱ ነው። በየቀኑ እዚያው ቦታ ሲያርፍ ብረቱን በላው። በቀን የምትንጠባጠበው ጥቂት ስለሆነች በልኬት አትታወቅም። ሌላም ቦታ አይቻለሁ። የሚደርስባቸው ደግሞ አጥብቀው የሚጠነቀቁት ናቸው።”

ኔቪል ጎንበስ ብሎ ከጠቆረው አፈር ዘገነ። “አያሽትቱት!” ብላ እጁን ያዘችው። ማሽተት አላስፈለገውም። ዕድሜውን ሁሉ ሲጠብቀው የኖረውን ታንከር የበሳው ራሱ ነበር፤ እንባው መጣ።

ጆዲ ለእያንዳንዱ ናሙና ጓንት እየቀየረች አፈሩን በብልቃጥ ሞላች፣ በረዶ ባለበት ሳጥንም ደረደረች። የጠቆረው አፈር ግን ወደ አጥሩ ያመራል። ከዳልሲ ጓሮ፣ ከዛፉ ጉቶ ሥርም መውሰድ ሊኖርባት ነው።

“ፈቃዱን እኔ ልጠይቃት?”

“የለም የኔ ልጅ። ይሄ የእኔ ዕዳ ነው።”

ባርኔጣውን አውልቆ የዳልሲን በር አንኳኳ።

“ዳልሲ፣ ታንከሩ አፍስሷል። የበሳሁት እኔው ነኝ። የሮንን ዛፍ ገድዬብሽ፣ አንቺኑ መልሼ ሰደብኩሽ።”

“ቆፍሩ” አለች ዳልሲ፣ በሩንም ዘጋች።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ጆዲ ሁለቱንም አጥሩ ጋ ጠራቻቸው። የማደያው አፈር አራት ሜትር ድረስ ተቆፍሮ ይወሰዳል፤ ቦታው በንጹሕ አፈር ይሞላል። ቤንዚኑ ግን አጥሩ ጋ ሊደርስ ሁለት ሜትር ሲቀረው ቆሟል። ከጉቶው ሥር የተወሰደው አፈር በሙሉ ንጹሕ ነው።

“ታዲያ ዛፉን ምን ገደለው?” አለች ዳልሲ።

“እሱን አላውቅም። ቤንዚን ግን አይደለም።”

ኔቪል ዘጠኝ ዓመት ይህን ቃል ሲመኝ ኖሯል። አሁን ሲሰማው ደስታው የት እንደገባ ጠፋው። ዳልሲ አጥሩን ጨብጣ ቆማ ነበር።

“ያን በጋ ከአልጋም አልወረድኩ” አለች። “ውሃ አጠጥቼው እንደሆነ… አላስታውስም ኔቭ። ያልከው እውነት ነበር።”

ኔቪል እጇ ላይ እጁን ደረበ።

“መኪና የማጥብበት የውሃ ጎማ ከአጥሩ ወዲህ ነበር” አላት። “ዛፉ ሲደርቅ በየማለዳው አየው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላጠጣሁትም።”