ከአዲሱ ገበያ እስከ ሳሪስ

አባቴ አዲስ አበባን ያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ በወጣትነታቸው፣ ለደብራችን ደወል ሊገዙ ከሽማግሌዎች ጋር ሲሄዱ። ሁለተኛው ከእኔ ጋር፣ ታናሽ ወንድማቸው ታሞ። የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው።

ወንድማማቾቹ ስድስት ዓመት ሙሉ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ምክንያቱን በአካባቢያችን ያልሰማ የለም። አያቴ፣ የሁለቱ እናት፣ ያረፉ ጊዜ አጎቴ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ ቀብሩ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆየ። አልመጣም፤ ተቀበሩ። እሱ የደረሰው በማግስቱ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ሞልቶ ሳለ ነው። ፊቱ አብጦ፣ ልብሱ በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ በጠዋት ከቤቱ እንደወጣ፣ የከተማው መኪና ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ መናኸሪያ ሳይደርስ አውቶቡሱ ጥሎት እንደሄደ ተናገረ። አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣

«ለእናትህ ቀብር መንገድ ተዘጋብኝ ትላለህ? ወንዝ አልሞላ፣ ጦርነት የለ» አሉት።

ይህን ያሉት በካህናቱም፣ በጎረቤቱም፣ በዘመዱም ፊት ነው። አጎቴ ሠልስቱ እንዳለፈ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አገሩን አልረገጠም።

እኔ መካነ ሰላም ከተማ መምህርት ነኝ። አባቴ በቅስና የሚያገለግሉበት ደብር ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ይርቃል። በእነዚያ ዓመታት በሁለቱ መካከል የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። አጎቴ በየዓመት በዓሉ ለአባቴ ነጠላ ይልካል፤ አባቴ ይቀበሉና «ደርሷል በይው» ይሉኛል። ስልኩን ግን አይነኩም። አጎቴም በእኔ ስልክ «አባ ደህና ናቸው?» ከማለት አልፎ አያውቅም።

አንድ ቀን የአጎቴ ባለቤት ደወለችልኝ። ጉበቱን ታሞ እንደቆየ፣ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዱት እንዳሉ ነገረችኝ። ያን ቅዳሜ ወደ ደብሩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ሲያሻሹ ቆዩና እንሄዳለን አሉ። ግን የደብሩ ንግሥ በሳምንቱ ነበር፤ ሌላው ቄስ ከበቅሎ ወድቀው ተኝተዋል። ታቦቱን ማን ያነግሣል? ንግሡን አድርሼ ልሂድ አሉ። እኔም ተዉት ልላቸው አልደፈርኩም።

ከንግሡ ማግስት ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ጃንጥላና አንድ ጄሪካን ጸበል ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። በወረኢሉ አድርገን ደጎሎ አደርን። በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ደረስን። ገና ከመኪናው ሳንወርድ የአጎቴ ባለቤት ደወለች። ነቅቷል አለችኝ። ሾርባ ሁለት ማንኪያ ወስዷል፣ «የት ደረሱ?» እያለም ይጠይቃል። አባቴ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ትንሽ ፈካ።

«ቤቱ በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሳሪስ እኮ ሩቅ ነው። ከተማ በእግር አይዘለቅም። በታክሲ ቶሎ እንደርሳለን» አልኳቸው።

አመኑኝ። አዲስ አበባን ለስልጠና አራት አምስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ከተማ የማውቀው እኔ ነኝ። ዛሬ ሳሰላው በእሳቸው አካሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የመጀመሪያው ታክሲ ስታዲየም ድረስ አንድ ሰዓት ወሰደብን። ስታዲየም ስንወርድ ወደ ሳሪስ የሚሄደው ሰልፍ አጥሩን ተከትሎ ታጥፎ ጫፉ አይታይም። አባቴ ሰልፉን ሲያዩ እህል የሚታደል መስሏቸው ነበር። ታክሲ ጥበቃ ነው ስላቸው መጨረሻው ላይ ሄደው ቆሙ። ሰልፉ ውስጥ ያሉ ሰዎች መስቀል እየተሳለሙ «አባ፣ ይለፉ፣ ከፊት ይግቡ» አሏቸው። እሳቸው ግን ሌላውም ደክሞታል ብለው እምቢ አሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆምን ስልኬ እንደገና ጮኸ። የአጎቴ ባለቤት ድምፅ ተለውጦ ነበር፤ ትንፋሹ ከብዷል፣ ፍጠኑ አለችኝ። አባቴ ፊቴን አይተው ገባቸው። ያኔ ራሳቸው ወደፊት ሄደው ከሰልፉ ፊት የቆመችውን ሴት «ልጄ፣ ወንድሜ ታሞብኝ ነው» አሏት። ሴትየዋ ተራዋን ለቀቀችላቸው፤ ከኋላዋ ያለው ጎልማሳም ለእኔ ለቀቀልኝ።

ገባን። ሚኒባሱ ትንሽ ሄደና ቆመ። ከፊታችን፣ ከኋላችን፣ ከግራ ከቀኝ መኪና ነው። አባቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው አዩ። በእኛ አገር ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ መንገድ ላይ የሚቆመው ለቀብር ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ በቀስታ።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።»

«በየቀኑ እንዲህ ነው?»

«በየቀኑ።»

አባቴ ጸበሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፣ ያስነሳል፣ ሁለት እርምጃ ያህል ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ጎኔ የተቀመጠች ልጅ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ሰዎቹ ለምደውታል። እኔ ብቻ በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ፤ ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር አባቴ ያዩኛል።

ጎተራ ልንደርስ ስንል ለሦስተኛ ጊዜ ተደወለ። የአጎቴ ባለቤት አታለቅስም ነበር፤ በጣም ረጋ ብላ ነበር የምታወራው።

«ስልኩን ለአባ ስጫቸው። እኔ ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። መስማት ይሰማል።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። አባቴ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ስድስት ዓመት ነው።

«ወንድሜ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «መጥቻለሁ። እዚሁ ከተማው ውስጥ ነኝ። መንገዱ ተዘግቶብኝ ነው።»

ይህን ብለው ቆሙ። የተናገሩትን ቃል ራሳቸው የሰሙት ያኔ ይመስለኛል።  ሾፌሩ የከፈተውን ሬዲዮ አጠፋው። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ያን ጊዜ እውነትህን ነበር» አሉ አባቴ። «አላመንኩህም። በእናታችን ለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ።»

ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። አባቴ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው፣ ወንድማቸው ፊት ለፊታቸው እንዳለ ሁሉ ወደ መስኮቱ አማተቡ። እግዚአብሔር ይፍታህ አሉት። ጸሎቱን አንድ ቃል ሳያስቀሩ ደገሙለት። ሲጨርሱ «አብሽር፣ እመጣለሁ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። አንዷ ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ።

ከዚያ አባቴ በሩን ክፈቱልኝ አሉ። ሾፌሩ መንገዱን በእጁ እያሳየ አስረዳን፤ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ባቡሩን ተከተሉት አለን። ጄሪካኑን እኔ ያዝኩ። አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን በዚያ ምሽት ልከተላቸው አልቻልኩም። ጃንጥላቸውን እየተደገፉ፣ በቆሙት መኪኖች ጎን ለጎን፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዩ ሄዱ። ስታዲየም ላይ ቀድመውን የሄዱ ሚኒባሶችን እንኳ እያለፍናቸው እንደሆነ አሰብኩ። ያኔ ከመጀመሪያው በእግራችን ብንመጣ ኖሮ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ እስካሁንም አለቀቀኝም። አባቴ ይህን አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

የአጎቴ ሰፈር ቅያስ ስንገባ ልቅሶውን ከሩቅ ሰማነው። አባቴ ቆሙ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መሄድ ጀመሩ፤ መፍጠን ከዚያ ወዲያ ለምንም አይጠቅምም ነበር። ሞት በሃያ ደቂቃ ቀደመን።

የአጎቴ ባለቤት እግራቸው ላይ ወደቀች። አንስተው አቀፏት። በኋላ ሁላችንም ስንቀመጥ እንዴት እንደሆነ ነገረችን። ከስልኩ በኋላ አጎቴ ዓይኑን ገልጦ ነበር። «ወንድሜ መጥቷል፣ በሩን ክፈቱት» አለ። እነሱም ከፈቱለት። ብርድ እንዳይመታው ብላ ልትዘጋው ብትነሳ በእጁ ከለከላት። በሩን እያየ ነው ያረፈው።

አባቴ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። ጸበሉን ከእኔ ተቀብለው ለአጎቴ ልጆች አጠጡ፣ ፊታቸውንም አበሱላቸው። ልጆቹን እንዲህ በቅርብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ትልቋ ቁርጥ አያቴን ትመስላለች፤ እሷን ሲያዩ ነው እንባቸው የመጣው። በማግስቱ ፍትሐቱን ከሰፈሩ ካህናት ጋር ራሳቸው አደረሱ። ድምፃቸው ሁለት ቦታ ተቋረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከካህናቱ አንዱ ተቀበሏቸው።

ሠልስቱን አሳልፈን አገራችን ስንመለስ ሕዝቡ ሊያስተዛዝን ቤታቸው ተሰበሰበ። የአያቴ ለቅሶ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ መጥተዋል። ሰው ወጉን ይጠይቃል፤ ደረሱበት ወይ፣ አናገሩት ወይ ይላል። አባቴ አልደረስኩም ይላሉ። ሰውም ሊያጽናናቸው ብሎ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ ይላል። ያኔ ቀና ይሉና ሁሉንም ከመጀመሪያው ይነግሩታል፤ የመኪናውን ብዛት፣ የሰልፉን ርዝመት፣ በስልክ ያሉትን። ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «ያን ጊዜ ወንድሜ እውነቱን ነበር። ሐሰተኛ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናንተም ሰምታችሁ ነበርና ይህንንም ስሙልኝ።»

ለመጣው ሁሉ ይህን ተናገሩ። ያኔ የነበረ አንድ ሰው ካልመጣ ቤቱ ድረስ ሄደው ነገሩት። ከለቅሶው ላይ ከነበሩት ሁለቱ ወግዲ ከተማ ገብተው መኖር መጀመራቸውን ሲሰሙ እኔን ይዘው ወግዲ ሄዱ። ከሁለቱ አንዱ ሽማግሌ በትዕግሥት አዳመጧቸውና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ፣ እኔ እንኳ ያንን ቀን አላስታውሰውም አሏቸው።

አባቴ «እንግዲያው ላስታውስዎት» ብለው ከድንኳኑ ጀመሩላቸው።